የሐዋሳ ሐይቅ ደለል እስከ በረዶ ዘመን ያደርሰናል?

ታቦር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሐዋሳ ሐይቅ የወጣ 120 ሴንቲ ሜትር የደለል ኮር (በቱቦ የተወሰደ የሐይቅ ወለል ጭቃ ዓምድ) በእጃችን አለ። ላዩ ላይ ያለው ለስላሳ ጭቃ ገና አዲስ መሆን ሲገባው በካርቦን 14 (በጊዜ ብዛት እየቀነሰ ዕድሜ በሚነግረው የካርቦን ዓይነት) ሲለካ የብዙ መቶ ዓመታት ዕድሜ ተሰጠው። ስህተቱ የላቦራቶሪው ነው? ሌላው፣ 85 ሴንቲ ሜትር ላይ ጣት የሚያክል ነጣ ያለ መስመር አለ። ይህን ከባሕር ደለል ከሚታወቀው የሃይንሪክ ቅዝቃዜ (በበረዶ ዘመን ሰሜን አትላንቲክ ከቀዘቀዘበት ጊዜ) ጋር ማያያዝ ይቻላል?

አላሙራ፦
ወንድሜ፣ ላቦራቶሪው አልተሳሳተም፤ ያረጀው የሐይቁ ካርቦን ነው። በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራና ከፍል ውሃ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን 14 የሌለው ነው። አልጌው ከውሃው ይህንኑ ካርቦን ስለሚወስድ ዛሬ የበቀለው እንኳ አርጅቶ ይለካል። ጎርፍ ከማሳው ጠርጎ የሚያመጣው አሮጌ አፈር ደግሞ ይጨመርበታል። ስለዚህ ጭቃውን በጅምላ አትላክ። የቀንድ አውጣ ቅርፊትም ሆነ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል ያው ችግር አለበት።

የሚታመነው የየብስ ተክል ነው፦ ቅጠል፣ ፍሬ፣ ከሰል። 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ውሰድና በ125 ማይክሮን ወንፊት ላይ በተጣራ ውሃ እጠብ። የቀረውን በማይክሮስኮፕ ሥር በብረት ወረንጦ ልቀመው። ጥጥ፣ ወረቀትና የጥርስ እንጨት አታስጠጋ፤ ሁሉም የዛሬ ካርቦን ናቸው። የለቀምከውን ቶሎ አድርቀህ በብርጭቆ ብልቃጥ አስቀምጥ። እርጥብ ሆኖ ከከረመ ሻጋታ ይበቅልበትና ዕድሜው ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

ላይኛውን ክፍል በሊድ 210 (ለቅርብ ዘመን ደለል በሚያገለግል ራዲዮአክቲቭ እርሳስ) አስለካ። ግማሽ ዕድሜው 22 ዓመት ስለሆነ ከ100 እስከ 150 ዓመት ድረስ ያስኬዳል፤ ከኑክሌር ቦምብ ሙከራ የመጣውን የሲዚየም 137 ጫፍ ካገኘህም 1963 አካባቢን ያመለክትሃል። ከዚያ በጭቃው ካርቦን ላይ ያለው ትርፍ ዕድሜ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ። ግን ያንን ቁጥር እስከ ታች ድረስ እኩል አትቀንስ። ሐይቁ ሲሞላና ሲጎድል ትርፉም ይለዋወጣል።

ጥቁር ውሃ፦
ስለ ነጩ መስመር ልጨምር። መጀመሪያ ሒሳቡን ተመልከት። ደለሉ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ከተከማቸ 120 ሴንቲ ሜትር ማለት 1,200 ዓመት ነው። የበረዶ ዘመኑ ያበቃው ከዛሬ 11,700 ዓመት ገደማ በፊት ስለሆነ፣ በዚያ ፍጥነት 12 ሜትር ያህል መውረድ ግድ ነው። ሃይንሪክ የሚባለው ደግሞ በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ የበረዶ ተራሮች ተሸክመው ወደ ሰሜን አትላንቲክ ያራገፉት አሸዋና ጠጠር ነው፤ የመጨረሻው ከ16,000 ዓመት በላይ ይሆነዋል። ጣና ያኔ ደርቆ እንደነበር ከራሱ ደለል ታውቋል። የእናንተ ኮር እዚያ አይደርስም።

ስለዚህ መስመሩ ምን እንደሆነ ፈትን። 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ጠብታ ጣልበት። ከፈላ ካርቦኔት ነው። ካልፈላ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ወስደህ መስታወት ላይ በውሃ በትነህ በ400 እጥፍ እየው። ጠርዙ ስል፣ ጎበጥ ያለ፣ የአረፋ ግድግዳ ስብርባሪ የሚመስል ብርጭቆ ካየህ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ እሳተ ገሞራው ኮርቤቲ እኮ ከሐይቁ አፍንጫ ሥር ነው። ዲያቶምም (የሲሊካ ቅርፊት ያለው ደቂቅ አልጌ) በተሻገረ ፖላራይዘር (ብርሃን በሚያጣሩ ሁለት የማይክሮስኮፕ ማጣሪያዎች) ሥር እንደ ብርጭቆው ስለሚጨልም በጨለማው ብቻ አትፍረድ፤ እሱ የተመጣጠነ ቅርጽና በረድፍ የተደረደረ ቀዳዳ አለው። አመድ ከሆነ ትልቅ ዕድል ነው፤ ኬሚስትሪው ከሌላ ሐይቅ አመድ ጋር ከገጠመ ሁለቱ ኮሮች በዚያ መስመር ላይ እኩል ዕድሜ እንዳላቸው ይታወቃል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የሐይቅን መስመር ከባሕር መስመር ጋር በዓይን አስተካክሎ፣ ከዚያ «አብረው ተለዋወጡ» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ራስህ ያስተካከልከውን ነው መልሰህ የምታገኘው። ኦክስጅን 18 (ከባዱ የኦክስጅን ዓይነት) እንኳ በሁለቱ ቦታ የሚናገረው ይለያያል። ፎራሚኒፌራ በሚባሉ የባሕር ደቂቅ ፍጥረታት ቅርፊት ውስጥ ከፍ ሲል ቀላሉ ኦክስጅን በየብስ በረዶ ተይዟል፣ ወይም ውሃው ቀዝቅዟል ማለት ነው። መውጫ በሌለው ሐይቅ ግን ከፍ ማለቱ በአብዛኛው ትነትን ያሳያል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ውሃው ከመሬት በታች ስለሚሰርግ ሐይቁ ጨዋማ አልሆነም፤ ምልክቱም እንደ ሻላና አቢጃታ አይጎላም።

ታቦር፦
አመሰግናለሁ፣ መስመሩ በአሲድ አልፈላም። 60 ሴንቲ ሜትር ላይ 3 ሚሊ ግራም ደረቅ ቅጠል ብቻ ነው የተገኘው፤ ይበቃል?

አላሙራ፦
ዳር ላይ ነው። ከደረቅ ቅጠል 40 በመቶ ያህሉ ካርቦን ስለሆነ 1.2 ሚሊ ግራም ታገኛለህ፤ አሲድና አልካሊ እጥበቱ ደግሞ ከዚያ ይቀንሳል። ከመላክህ በፊት ትንሽ ናሙና ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቃቸው፤ እጥበቱንም ቀለል እንዲያደርጉት ንገራቸው። ካልበቃ ከጎኑ ያለውን 1 ሴንቲ ሜትር ጨምር፣ ከዚያ በላይ ግን አትቀላቅል።