ጥቆማ፦ ለጡረታ ጊዜ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ምኑን ከየት?

"አባቴ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ግቢ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ክፍል ይፈልጋሉ፤ ምን ልግዛላቸው?" የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። አንዳንዴ ጠያቂው ጡረተኛው ራሳቸው ናቸው። እንጀራዬ ከእንጨት ነው፤ የአባቴንም ክፍል ያደራጀሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ የማውቀውን አንዴ እዚህ ልዘርግፈው። ነገሩ ሁሉ የአዲስ አበባ ነው። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት ሳይሞላው ይቀየራል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ሰው ብር እጁ እንደገባ መጀመሪያ የሚሮጠው ኮምባይንድ ማሽን፣ ማለትም ብዙ ሥራ በአንድ ላይ የያዘውን የእንጨት ማሽን ለመግዛት ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ይግዙት ነው የምለው፤ እንዲያውም ባይገዙትም ምንም አይጎድልብዎትም። መሰንጠቁንና መላጉን ሰፈር ያለ ማሽን ቤት በክፍያ ይሥራልዎት። እርስዎ ደስ የሚለውን ለራስዎ ያስቀሩ፤ ልኬቱን፣ የመሮውን ሥራ፣ ማገጣጠሙን፣ ማለስለሱን። ብሩ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ደረቅ እንጨት፣ ጥሩ የሥራ ጠረጴዛ፣ ጥሩ የእጅ መሣሪያና አስተማማኝ የመብራት መስመር ላይ ነው።

ማሽን ቤት የምለው በየሰፈሩ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩትን ነው። ብዙዎቹ እንጨት ይዞ የመጣ ሰው ያስተናግዳሉ። ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ሁለት ጣውላ ብቻ ያስልጉ። ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ይዩ። መሃሉ ላይ ወይም ጫፉ ላይ ብርሃን ካሳለፈ ማሽኑ ቀጥ አድርጎ አይልግም፤ እዚያ ቤት ተመልሰው አይሂዱ። ፊቱን በጣትዎ ሲዳስሱት ደረጃ ደረጃ የሚል ነገር ካለ ደግሞ ወይ ምላጩ ደንዟል፣ ወይ ልጁ ቸኩሎ ነው ያሳለፈው፤ ይሄኛው በጉርሻ ይስተካከላል። ትልቅ ትእዛዝ ይዘው በሚሯሯጡበት ቀን አይሂዱ፤ የእርስዎን ሁለት ጣውላ በወጉ የሚያይልዎት የለም። እንጨትዎን ጫፉ ላይ ቀለም ቀብተው ምልክት ያድርጉበት። እኔ ደረቅ ዋንዛ አስገብቼ እርጥብ የተረከብኩበት ቤት አለ፤ ስሙ ይቅር።

የራሴ ማሽን ካልኖረኝ እንቅልፍ አይወስደኝም ለሚሉ፣ እሺ። ኮምባይንዱ የሚሰነጥቀውን፣ የሚልገውን፣ ውፍረት የሚያስተካክለውንና ቀዳዳ የሚያወጣውን አንድ ላይ ስለያዘ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ በሲንግል ፌዝ፣ ማለትም በተራው የቤት መብራት የሚሠራም ይገኛል። ችግሩ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በተዛወሩ ቁጥር ይፈታል፣ ይታሰራል፣ ልኩ ይዛባል። ከሚዘጉ ወርክሾፖች የሚወጡት የድሮ የአውሮፓ ማሽኖች ከዚህ በጣም ይሻላሉ። ከባድ ስለሆኑ አይንቀጠቀጡም፣ ትክክልነታቸውም አይዛባም። ግን አብዛኞቹ ስሪ ፌዝ፣ ማለትም በሦስት መስመር የሚመጣ የወርክሾፕ መብራት የሚፈልጉ ናቸው፤ ለማንሳትም ጎረምሳ ይፈልጋሉ። የቱንም ቢገዙ ችንጋውን ያውርዱና ዘንጉን በእጅዎ እያዞሩ ያዳምጡ። ኩሽኔታው ከተንጋጋ ዋጋ ላይ ይደራደሩበት። የምላጩ ልክ ገበያ ላይ መኖሩንም ብሩን ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ።

መብራት ላይ አይቆጥቡ። 3 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 2.2 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ ሲነሣ ግን ለቅጽበት የመደበኛውን አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። አምፖሉ ጭልም የሚለው ለዚህ ነው። ከቆጣሪው ጀምሮ ለክፍሉ ብቻ የሚሆን መስመር በራሱ ብሬከርና በኧርዝ ያስዘርጉ፤ ሳሎን ካለው ሶኬት ኤክስቴንሽን ጎትቶ ማሽን ማስነሣት እሳት መጥራት ነው። ስሪ ፌዝ ካስፈለገ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ዘንድ ማመልከት ነው፤ ማሽኑን ከመግዛትዎ በፊት ያመልክቱ። አንድ ነገር ደግሞ ማንም ሳይነግርዎት ይዘለላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ መነሣት የለበትም። ይህን የሚከላከል ስዊች አለ፤ መብራት ሲጠፋ ራሱ ወርዶ በእጅ ካልተጫኑት አይነሣም። በእኛ ከተማ ይሄ ቅንጦት አይደለም።

መሣሪያ ከየት? አዲስ ከሆነ መርካቶና ተክለሃይማኖት። ኢንግኮና ቶታል የሚባሉት የመሣሪያ ብራንዶች በየሱቁ አሉ፤ ለጡረታ ሥራ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ለሚሠራ ሰው፣ ድሪላቸውና ሳንደራቸው ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ለሚያሠራ ግን ማኪታ ወይም ቦሽ ይሻላል። ማኪታ የሚል የተለጠፈበት ሁሉ ማኪታ እንዳልሆነ አይርሱ፤ ዋጋው በጣም ከረከሰብዎት ምክንያት አለው። እኔ ሱቅ ስገባ የምጠይቀው ስለ ዋስትና አይደለም። "የዚህ ካርቦንና ስዊች አሁን አለህ?" ነው የምለው፤ ካርቦን ሞተሩ ውስጥ እየተበላ የሚያልቀው ቁራጭ ነው። አውጥቶ ካሳየኝ እገዛለሁ።

መርካቶ ያለውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ምናለሽ ተራን ግን ሳያዩ እንዳይቀሩ። ከብረታ ብረቱ ክምር ውስጥ የድሮ የብረት መላጊያ ይወጣል፤ አንዳንዱ አዲስ ከሚሸጠው ቀላል መላጊያ በብዙ ይበልጣል። ዝገቱ አያስደንግጥዎት፤ ላይ ላዩን ከሆነ በብርጭቆ ወረቀትና በጋዝ ይለቃል። መጀመሪያ ገልብጠው ሆዱን ይዩ። ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) ወይም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ያጋድሙበትና ወደ ሰማይ አንሥተው ይመልከቱ። ትንሽ ብርሃን ቢያሳልፍ ይስተካከላል። ምላጩ በሚወጣበት አፍ ዳርና ዳር ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካዩ ግን ወዲያው ያስቀምጡት፤ እሱ አይድንም። ቀጥሎ ምላጩን አውጡልኝ ይበሉ። ምላጩ መሃል ካለው ረጅም ቀዳዳ እስከ ስለቱ ያለው ብረት ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ከቀረው ዕድሜ ልክ ይሠሩበታል። በጀርባው በኩል ስለቱ አጠገብ ዝገት ጉድጓድ ጉድጓድ አድርጎ በልቶት ከሆነ ግን ምንም ቢስሉት ጥርት አይልም። ብሎኖቹ ከተሟሉ እጀታው ቢሰበር ግድ የለም፤ ከወይራ ቁራጭ ይሠሩለታል። ሻጩ ፊት ግን ብዙ አይደሰቱ።

እንጨት ጠረጴዛ ላይ የሚይዘውን ሞርሳና ሙጫ እስኪደርቅ አጣብቆ የሚይዘውን ሞርሴቶም እዚያው ይፈልጉ። ሞርሴቶ መቼም አይበቃም።

ልጆችዎ ውጭ ካሉና "ምን እንላክ?" ካሉ፣ ከአሜሪካ በገመድ የሚሠራ ትልቅ ማሽን አይላኩ። የእነሱ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክል ኸርዙን አይቀይርም፤ ብዙው የቋሚ መጋዝ ሞተር እዚህ ሲመጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይግላል። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ግን ቻርጀሩን ብቻ በ220 መቀየር ነው። ባለ 18 ቮልት 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ አውሮፕላን ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚያዘው 100 በታች ነው ማለት ነው። ትርፍ ባትሪ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ነው የሚያዘው። ከጀርመን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ ቮልቱም ኸርዙም ይስማማል፤ የዱባዩ ሶኬቱ ብቻ ይለያል። ሚዛን የማይበላና እዚህ በቀላሉ የማይገኝ ነገር ቢልኩ ይመረጣል፤ ጥሩ የመሮ ስብስብ፣ የእንጨት እርጥበት መለኪያ፣ የመሣሪያ መሳያ ድንጋይ።

አሁን ወደ እንጨቱ። ሁሉም ሰው ዋንዛ ይላል፤ ልክ ነው። ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ከደረቀ አይጣመምም፣ የጅማ በርጩማም የሚፈለፈለው ከእሱ ነው። ነገር ግን ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ በ1986 በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው ነበር፤ አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌላ ቢተካም ጥንቃቄው አይቀርም። ከገበሬ ማሳ የወጣና ወረቀት ያለው ይግዙ። ማታ በር ላይ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ በረከሰም ይለፍዎት።

ለመጀመሪያ ልምምድ እኔ የምመርጠው የፈረንጅ ጽድ ነው። ዋጋው ይቀላል፣ ጉጥ ይበዛዋል፣ ግን ለስላሳ ነው፤ ሲልጉት ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ይሸታል። ግራቪሊያ የተናቀ እንጨት ነው፤ በትክክል ሲሰነጠቅ ፊቱ ላይ የሚወጣው ዝንጉርጉር ግን ለሣጥን ክዳን ያምራል። አቧራው የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል። ወይራ ለእጀታ፣ ለእንጨት መዶሻና ለትንንሽ ዕቃ ነው፤ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፍ በርካሽ ይገኛል፣ ይጣመማልም። የደረቀ ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም እንጨት) ካገኙ ግን ለሥራ ጠረጴዛ እግር አሪፍ ነው፤ ክብደቱ ራሱ ይፈለጋል። የጠረጴዛውን ቁመት እጅዎን ወደታች ዘርግተው የእጅዎ አንጓ በሚደርስበት ልክ ያድርጉት። በሌላ ሰው ልክ የተሠራ የፋብሪካ ጠረጴዛ ገዝተው ወገብዎን እንዳይጎዱ።

ከፈረሰ ቤት የሚወጣ እንጨትን የሚያህል የለም፤ እዚህ ላይ አድልዎ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ሰሞኑን ከተማው ውስጥ የፈረሰው ቤት ብዙ ነው፤ ከድሮ ወለልና በር ላይ ስንት ዓመት የደረቀ ጽድና ዝግባ ይወጣል። ማሽን ቤት ከመውሰድዎ በፊት ምስማሩን አንድ በአንድ ይንቀሉ፣ ማግኔትም ያሳልፉበት፤ ምላጭ የሰበረ ደንበኛ ሁለተኛ አያስገቡትም። ጥቃቅን ቀዳዳና ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ነቅዟል፣ ይተዉት። ፓሌት፣ ማለትም ዕቃ የሚጫንበትን የእንጨት ርብራብ የሚፈቱ ደግሞ ማኅተሙን ያንብቡ። ኤች ቲ የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፤ ኤም ቢ የሚለው በመርዝ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ቤት አያስገቡት።

"ደርቋል" የሚልዎትን ሻጭ አይመኑ። 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በአየር ለመድረቅ በግምት ዓመት ይፈልጋል። ጥላ ውስጥ፣ በመሃሉ ቀጫጭን ርብራብ እያደረጉ ይከምሩት፤ ጫፎቹን ቀለም ይቀቡ፣ ካልሆነ ከጫፍ ይሰነጠቃል። የእርጥበት መለኪያ ከሌለዎት አንዷን ጣውላ በየጊዜው በሚዛን ይመዝኑና ክብደቱን እዚያው ላይ በእርሳስ ይጻፉ። መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። በበጋ ጥብቅ አድርገው የሠሩት መሳቢያ ሐምሌ ላይ አልከፈት ስለሚል ትንሽ ክፍተት ይተዉለት።

ኤምዲኤፍና ኮምፔርሳቶ ለቁም ሣጥን ከፈለጉ 122 በ244ቱን ሙሉውን ወደ ቤት አይጎትቱ። ልኩን ጽፈው ይሂዱና የሚሸጡት ዘንድ ወይም አጠገባቸው ያስቆርጡ፣ ጠርዙንም እዚያው ያስለጥፉ። አቧራው እነሱ ጋ ይቅር።

ስለ አቧራ ካነሳሁ አይቀር፣ የእንጨት አቧራ ካንሰር እንደሚያመጣ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የተመዘገበ ነው። የጨርቅ ማስክ አይበቃም፣ ኤን 95 ይግዙ። ሰጋቱራውን በቫኪዩም እንጂ በመጥረጊያ እያቦነኑ አይጥረጉ። ጠዋት ብርድ ነው ብለው ደግሞ ጋቢ ለብሰው ማሽን አጠገብ አይቁሙ፤ ጓንትም እንዲሁ። የሚሽከረከር ነገር ጨርቅ ከያዘ አይለቅም።

ማጠናቀቂያው ላይ አጭር ልሁን። ለማጣበቅ ነጩ ኮላ፣ ቫርኒሽ ለጠረጴዛ ፊት። ለመክተፊያና ለእንጨት ሳህን ግን የንብ ሰም የሚያህል የለም፤ ጧፍ ከሚሠሩ ሰዎች ንጹሑን ይግዙ፣ በትንሽ ዘይት አቅልጠው ይቀቡ። የተልባ ዘይት የሚወዱ ካሉ የነካ ጨርቅ ጨምድደው ጥግ ላይ አይጣሉ፤ በራሱ ሙቀት እሳት ይነሣል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

የሠሩትን መሸጥ ከጀመሩ ንግድ ፈቃድና ቲን ይመጣል፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ ለዘመድ ስጦታ እስከሆነ ድረስ ማንም አይጠይቅዎትም።

አንድ ነገር እኔም እየፈለግኩ ነው። የሰርኩላር መጋዝ ባለ ቪዲያ (በጣም ጠንካራ ብረት) ጥርስ ምላጭ በማሽን፣ አንግሉን ጠብቆ የሚስል ቤት የምታውቁ ከሆነ ሰፈሩን ጻፉልኝ። በግራይንደር እያስጮኸ የሚስለውን አውቀዋለሁ፣ እሱን አትጠቁሙኝ።