የዊልሰን በሽታ፦ መድኃኒት ተጀምሮ መንቀጥቀጡ ባሰ

ጥያቄ፦
ወንድሜ የዊልሰን በሽታ አለበት፤ መዳብ በሰውነቱ ውስጥ ይከማቻል። በዐይኑ ጥቁር ክፍል ዳር ቡናማ ቀለበት ይታያል። ፔኒሲላሚን ከጀመረ ወዲህ ኩባያ ሲያነሳ ግማሹ ይፈስበታል። «የሚያሳምመኝ መድኃኒቱ ነው» ብሎ ሊያቆም ነው። ምን ልበለው?

መልስ 1፦
እኅቴ፣ በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም! እኔም ታማሚ ነኝ። ፔኒሲላሚን መዳብን ይዞ በሽንት ያስወጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን የነርቭ ምልክቶችን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ወንድምሽ ዝም ብሎ አላማረረም። ዛሬውኑ ለሐኪሙ ንገሩት፤ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ትራየንቲን ወደሚባል ሌላ መዳብ አስወጪ መድኃኒት ሊቀይረው ይችላል። ዚንክም አለ፤ እሱ መዳብ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ድንገት ማቆም ጉበትን ለከፋ አደጋ ይዳርጋል። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ይወሰድ፤ ቫይታሚን ቢ6 ታዞለት እንደሆነም ጠይቁ።

መልስ 2፦
ሁሉም ስለ ወንድምሽ ያወራል፤ አንቺስ ተመርምረሻል? በሽታው የሚወረሰው ከሁለቱም ወላጆች ነው፤ የእያንዳንዱ ወንድምና እኅት ዕድል 25 በመቶ ነው። ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ።

ጠያቂዋ፦
ስለ እኔ ማንም አንሥቶልኝ አያውቅም። የሴሩሎፕላስሚን (በደም ውስጥ መዳብ የሚሸከም ፕሮቲን) ምርመራ ይበቃል?

መልስ 2፦
ብቻውን አይበቃም። የ24 ሰዓት ሽንትሽ መዳብም ይለካ፤ የወንድምሽ የዘረመል ለውጥ ከታወቀ ደግሞ ያንኑ አንቺ ላይ መፈለግ ይቀላል።