ለዓሣ በሽታ የራሱ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል?

አወያይ፦ የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ በየአካባቢው ኩሬ እየተቆፈረ የዓሣ ጫጩት ይከፋፈላል። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፣ አገራችን ለዓሣ ብቻ የሚያገለግል ብሔራዊ የበሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ትገንባ ወይስ ገንዘቡ በቅድሚያ ምርቱን ለማስፋፋት ይዋል የሚል ነው።

የኩሬ ባለቤት፦ እኔ ምርቱ ይቅደም ባይ ነኝ። ሦስት ጊዜ ዓሣ ሞቶብኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ ዓሦቹ ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አየር ሲስቡ አግኝቻቸው፣ ንጹሕ ውሃ ሲገባላቸው የተረፉት ስላገገሙ፣ ምክንያቱ የኦክስጅን እጥረት እንደነበረ አልጠራጠርም። ከሕንፃ በፊት ጥሩ መኖና ጤናማ ጫጩት ይቅረብልን።

የእንስሳት ሐኪም፦ ወንድሜ፣ ስለ ኦክስጅኑ ያሉት ልክ ነው። ነገር ግን ጫጩቱ ጤናማ መሆኑን ማን አረጋግጦ ይሰጥዎታል? ቆሮሶን (ቲላፒያን) የሚያጠቃው ቲላፒያ ሌክ ቫይረስ በእስራኤል ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከታየ እልቂት በኋላ በ2014 ተለይቶ ታወቀ፤ በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በኩል ባለው የቪክቶሪያ ሐይቅ፣ የሕመም ምልክት በማይታይባቸው ዓሦች ላይ አግኝቶታል። በዚያው ዓመት መገባደጃ በጋናው ቮልታ ሐይቅ በኬጅ (ሐይቅ ውስጥ በተዘረጋ የመረብ ቤት) የሚረቡ ቆሮሶዎች በሌላ ቫይረስ በገፍ አለቁ። በላስቲክ ታሽጎ ድንበር የሚሻገር ጫጩት በዓይን አይመረመርም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በገቡ የታመሙ ከብቶች ሰበብ ክፉ ቀን የመጣባት አገር ይህን ለመረዳት የሌላ ምስክር አያሻትም።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ እኔ ሁለታችሁም ስለ ሕንፃ መከራከራችሁን አልደግፍም። በሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታን ለመለየት የሚያገለግለው የፒሲአር መሣሪያ (የተሕዋስን ዘረመል አባዝቶ የሚለየው) የዓሣ ቫይረስንም መመርመር ይችላል፤ የሚለየው ፕራይመሩ (የተፈለገውን ቫይረስ ዘረመል ለይቶ የሚይዘው አጭር ቁራጭ)፣ ማነጻጸሪያ ናሙናውና የባለሙያው ሥልጠና ነው። ብሔራዊው የዓሣ ምርምር ማዕከልም እዚያው ሰበታ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ የሥራ ስምምነት ከአዲስ ግድግዳ ይረክሳል።

እውነተኛው ክፍተት ከሐይቁ እስከ ሰበታ ያለው መንገድ ነው። በሞቃት ውሃ የሞተ ዓሣ በሰዓታት ውስጥ ስለሚበሰብስ፣ ሊሞት ያጣጣረውን ዓሣ ይዞ ከጉበቱ፣ ከጣፊያውና ከአንጎሉ ናሙና በመውሰድ ለፒሲአር በአልኮል፣ ለማይክሮስኮፕ ደግሞ በፎርማሊን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሁሉም በፎርማሊን ከገባ (ይህ ደግሞ የተለመደ ስሕተት ነው) የፒሲአሩ ምርመራ ይበላሻል። በየወረዳው ያለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሠለጠነው ለከብትና ለበግ እንጂ ለዓሣ አይደለም።

የኩሬ ባለቤት፦ በዚህ እስማማለሁ። ሆኖም የተናገራችሁት ሁሉ አርቢው ደውሎ ያሳውቃል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። ባሳውቅና ኩሬዬ ይድረቅ ቢባል ካሳውን ማን ይከፍለኛል? ካሳ ከሌለ ጎረቤቴም እኔም የሞተውን በሌሊት ቀብረን የቀረውን ገበያ እናወጣለን።

የእንስሳት ሐኪም፦ ካሳው ከመሣሪያው ግዥ በፊት በመመሪያ መጻፍ አለበት። እስከዚያው ግን ቲላፒያ ሌክ ቫይረስ ሰውን ስለማያጠቃ፣ ያልታመሙት ዓሦች እዚያው ታርደው ሆድ ዕቃቸው ከተቀበረ በኋላ ሥጋው እንዲሸጥ፣ በሕይወት ያለ ዓሣ ብቻ ከኩሬው እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል።

የኩሬ ባለቤት፦ እንዲህ ከሆነ እደውላለሁ።