የጢስ ዓባይን ውሃ በቀን ብርሃን ማለስለስ አቃተኝ

ሰላም ወገኖች፣ ፎቶ የማነሳው ለፍቅር ነው፤ እንጀራዬ ሌላ ነው። ሰሞኑን የያዘኝ አባዜ ጢስ ዓባይን በረጅም ኤክስፖዠር፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ አርዝሜ ውሃው ለስላሳ እንዲመስል፣ ማንሳት ነው።

ችግሩ ፀሐዩ ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 ላይ አድርጌ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) እስከ ኤፍ 22 ባጠብበውም ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ከ1/50 ሰከንድ ብዙም አይዘገይም። ለእኔ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሰከንድ ያስፈልገኛል። ኤፍ 22 ራሱ ጣጣ አለው፤ በዲፍራክሽን (ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ በመበተኑ) የተነሳ የዓለቱ ጥራት ይደበዝዛል። ባለ 6 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም ጠቆር ያለ መስታወት) ብርሃኑን በ64 እጥፍ ስለሚቀንስ ኤፍ 16 ላይ ይበቃኝ ነበር፤ ግን ለሌንሴ ልክ የሚሆን እስካሁን አላገኘሁም።

ስለዚህ ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አስሬ ብዙ ፎቶ በተከታታይ አነሳሁና ፎቶሾፕ ላይ አማካያቸውን በማውጣት አዋሃድኳቸው። ውሃው ለሰለሰ፤ ኖይዙም (ምስሉ ላይ የሚታየው ሻካራ ነጠብጣብ) ቀነሰ። ነገር ግን ነፋስ የሚያወዛውዛቸው ቅጠሎች ተድበሰበሱ፤ ፍንጣቂው ሌንሱ ላይ ያረፈባቸው ፎቶዎችም ነጭ ነጠብጣብ ጣሉ። (ጨርቅ ይዤ ነበር፤ በዚያ የውሃ ጢስ ግን ጨርቅ ምን ያደርጋል!)

ቅጠሎቹን ከአንዱ ፎቶ ብቻ ወስዶ በማስክ (የፎቶውን የተመረጠ ክፍል ብቻ በሚያሳይ የፎቶሾፕ ዘዴ) መተካት ያዋጣል? ወይስ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ መሄዱ ይሻላል?

ሌላም አለ። ከክረምት በኋላ ውሃው ደለል ስለሚያዝል ሲለሰልስ ወተት የበዛበት ሻይ መሰለብኝ። ጉልበቱም የጠፋ ይመስለኛል። 1/8 ሰከንድ አካባቢ ሞክሮ ያየ ካለ ውጤቱን ይንገረኝ፤ ሳትራሩ ተቹኝ።