እርጥብ ከስክስ ያለ እሳት እንዴት ይደርቃል?

ተኩስ ከቆመ ወዲህ ምሽጉ ጸጥ ብሏል፤ ዝናቡ ግን አላቆመም፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ለአንድ ሰው ያለው አንድ የቆዳ ከስክስና ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ነው። ጥበቃው 4 ሰዓት፣ ዕረፍቱ 8 ሰዓት።

ካልሲው አላስቸገረንም። ጨምቀን ከሸሚዝ ስር ደረታችን ላይ እናደርገዋለን፣ በሰውነት ሙቀት ይደርቃል። እግርም በየዕረፍቱ ታጥቦ በጣቶች መካከል ሳይቀር ይደርቃል፤ ማሸት ቆዳውን ስለሚጎዳ አናሸውም፣ ከፍ አድርገን እናሳርፈዋለን። ብርዱ ውሃ የሚያረጋ ባይሆንም እግር ለመጉዳት እርጥበቱ ብቻ ይበቃል፦ የሁለት ጓዶቻችን የእግር ጣት ነጥቶ ደንዝዟል።

ችግሩ ጫማው ነው። ከሰል አጠገብ ያደረቅነው ቆዳው ተሰነጠቀ፣ ሶሉም ከማጣበቂያው ለቀቀ። ጋዜጣ ጠቅጥቆ በየሰዓቱ መቀየር ጥሩ ሠርቶ ነበር፣ ወረቀቱ አለቀ እንጂ። ገበሩን አውጥተን ብንሰቅለውም አፍንጫው ውስጥ ያለው እርጥበት አይወጣም። ሌሊት እሳት ክልክል ነው፤ ተገቢም ነው። ማዶ ያሉት ብርሃን አይተው ቢደነግጡና አንዲት ጥይት ብትተኮስ ስምምነቱ ሊፈርስ ይችላል። እዚህ ያለ ሁሉ የሚመኘው በሁለት እግሩ ቤቱ መግባት ነው።

ያለ እሳትና ያለ ወረቀት፣ በ8 ሰዓት ውስጥ የከስክሱን አፍንጫ ከውስጥ የሚያደርቅ ምን ዘዴ አለ?