ባሕር ዳር ድንኳን የት ብንተክል ይሻላል?

ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛልና ምከሩኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ለመስቀል ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ለአራት ቀን ባሕር ዳር ልንሄድ አስበናል። መኪና የለንም፤ ያለን ድንኳን ነው፣ እሱም የውሰት።

ሦስት ቦታ አወጣን አወረድን። አንደኛው ከተማው ውስጥ፣ ጣና ዳር ካሉት ግቢዎች አንዱ ነው። ከበር ወጥቶ ባጃጅ መያዝ፣ ጠዋት በጀልባ ዘጌ ሄዶ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ መመለስ ይቻላል። ግን አምና እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ አድረን ሌሊት ዝናቡ ከሥራችን ኩሬ ሠራ፤ ትንሿ ልጄ ጫማዋን ውሃ ላይ ተንሳፎ አገኘችው። ሁለተኛው እዚያው ዘጌ፣ ከቡናው ጥላ ሥር። ደስ ይላል፤ ጀልባ ካመለጠን ግን ቀናችን አለቀ። ሦስተኛው ጢስ ዓባይ ነው። ፏፏቴው በዚህ ወቅት ያምራል፣ ከከተማው ግን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

እኔ ወደ ከተማው አደላለሁ፣ ባለቤቴ ወደ ዘጌ። ከጢስ ዓባይ የመጨረሻው ሚኒባስ ስንት ሰዓት ይነሣል? ከተማው ውስጥስ ከፍ ያለ፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ዘበኛ ያለው ግቢ የምታውቁ አላችሁ? ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን አካባቢ ብቻ አትጠቁሙኝ፤ ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ልጆቹ ደግሞ ለሽንት መነሣት ልማዳቸው ነው።