ኤሌክትራ ጥፋተኛ ናት ወይስ ተበዳይ?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው ያለሁት። ቲያትር የምንወድ ልጆች ተሰባስበን የጥንቱን የግሪክ ድራማ ጸሐፊ የሶፎክለስን ኤሌክትራ እያነበብን ነው፣ እና ክርክሩ አልበርድ ብሎናል።

ላላነበባችሁ ባጭሩ ላውራው። አጋሜምኖን የሚኬኔ ንጉሥ ነው። ከ10 ዓመት የትሮይ ጦርነት ሲመለስ ሚስቱ ክሊተምነስትራ ከውሽማዋ ከኤጊስቶስ ጋር ሆና ገደለችው። ሕፃኑን ኦሬስቴስን አሽሽተው ሰው አገር አሳደጉት። ኤሌክትራ ግን እዚያው ቤት ቀረች፣ የአባቷን ገዳዮች በየቀኑ እያየች። ወንድሟ አድጎ ሲመጣ እናቱንም ኤጊስቶስንም ገደለ።

ከእኛ ግማሹ «ምን ታድርግ፣ አባቷ ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር?» ይላል። ግማሹ «እናት እኮ ናት!» ይላል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ሰይፉን የያዘው ኦሬስቴስ ነው፣ እሷ ማንንም አልገደለችም። ታዲያ ድራማው ለምን በእሷ ስም ተጠራ?

የወልድያው፦
ወንድሜ፣ ደሙን ሳይቀዘቅዝ ያቆየችው እሷ ስለሆነች ነዋ። ኦሬስቴስ መጣ፣ ገደለ፣ አለቀ። እሷ ግን ያን ሁሉ ዓመት ስታለቅስ ኖረች፣ ልቅሶዋም ክስ ነው፤ በየቀኑ ደጅ ላይ ቆማ ገዳዮቹን ታሳጣለች። እኛ ገጠርስ ቢሆን የሞተበትን ቤት ወንድ ልጅ እንቅልፍ የሚነሳው ምን ሆነና፣ የእናትና የእህት ሙሾ አይደለም? አባቱ ተገድሎበት የተወለደውን ልጅ ደመላሽ ብለው ስም የሚያወጡ ሰዎች ነን እኮ። ሕፃኑ ዕዳውን ከስሙ ጋር ይረከባል።

ደግሞ አንድ ትዕይንት አለ፣ እሱን ደግማችሁ አንብቡት። ኦሬስቴስ ሞቷል ብለው አመዱ ያለበት ነው የተባለ የነሐስ ዕቃ ያስታቅፏታል። ከዚያ በፊት ወሬውን እንደሰማች እህቷን ክሪሶቴሚስን «በይ ኤጊስቶስን እኛው እንግደለው» ብላት ነበር። እህትየው ፈራች። «ብቻዬን አደርገዋለሁ» አለች ኤሌክትራ። ስለዚህ ሰይፍ አልያዘችም የሚለው አይገባኝም፣ በልቧ ከወንድሟ ቀድማ ይዛዋለች። እናቷ ውስጥ ስትጮኽ ውጪ ቆማ «ጉልበት ካለህ ድገማት» የምትለውም እሷ ናት። ያቺን መስመር ሳነብ ሰውነቴ ሁሉ ነው የቀዘቀዘው።

እመ ብዙኃን ከቦረና፦
ስለ እናቲቱ ማን ይናገርላት? አጋሜምኖን ወደ ትሮይ ሲሄድ መርከቦቹ አውሊስ ላይ ነፋስ አጥተው ቆሙ። ነፋስ እንዲነፍስ ትልቋን ልጁን ኢፊጌኒያን ሠዋ። ለጦረኛው ለአኪለስ ልትዳሪ ነው ብሎ ነው ያስመጣት! እናት ልጇን ሙሽራ አድርጋ ወስዳ ለቢላ አስረከበች። እኔም እናት ነኝ፣ እንዲህ ያደረገኝን ሰው በእልልታ አልቀበለውም።

ግን ኤሌክትራን እንደ ገረድ ማድረጓን አልደግፍም። አንዷን ልጅ ወደድኩ ብላ ሌላዋን ከሰል አደረገቻት። ኤጊስቶስም ቢሆን ዝም ብሎ ውሽማ አይደለም። የአጋሜምኖን አባት አትሬዎስ የኤጊስቶስን ወንድሞች አርዶ ለገዛ አባታቸው አብልቶታል። ነገሩ ከአያት ነው የመጣው። ያ ቤት ደም ሲመላለስበት ኖሯል፣ ልጆቹ ደግሞ ወረሱት።

የአበጋር ልጅ፦
እህቴ ጥሩ አነሳሽ። እኔ ደም ሲደርቅ፣ ማለትም ደም የተቃቡ ወገኖች ሲታረቁ፣ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ እና ይሄን ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ሽማግሌ የት ሄደ?» ብዬ ነው።

እኛ ጋ ሰው ሲሞት ሁለት ወገን ይቆማል፣ የገዳይ እና የሟች። መሐል አበጋሩ፣ ማለትም አስታራቂው ሽማግሌ፣ ይገባል፣ ሸሆቹም ቄሶቹም ይገባሉ። የገዳይ ወገን ይለምናል፣ ይዋረዳል፣ ካሳ ይከፍላል፣ ከዚያ ነገሩ ዳግም እንዳይነሳ ይማማላሉ። አንዳንዴ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን መንገዱ አለ። አሁን ይሄን ሚኬኔ ውሰዱት። ካሳ ማን ለማን ይክፈል? ኤሌክትራ የሟች ልጅ ናት፣ የገዳይም ልጅ ናት። ለአባቷ ብትቆም እናቷን ታጣለች፣ ለእናቷ ብትቆም አባቷን ትክዳለች። ሁለቱም ወገን እሷው ውስጥ ነው ያለው። መሐል የሚገባ ሰው መቆሚያ ቦታ የለውም። ለእኔ የልጅቷ መከራ ይሄ ነው፣ ክፋት አይደለም።

ሌላው የግሪክ ጸሐፊ ኤስኪለስ ይሄን ያየው ይመስለኛል። የእሱን ሦስት ድራማዎች አንብቡ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 አቴንስ ላይ የቀረቡትን። ኦሬስቴስ እናቱን ከገደለ በኋላ ኤሪኒዎች፣ ማለትም የደም ተበቃይ አማልክት፣ ያሳድዱታል። መፍትሔው የመጣው ከሌላ ከተማ ነው። የአቴንስ ጠባቂ አምላክ አቴና የከተማዋን ሰዎች አርዮስፋጎስ በሚባለው ኮረብታ ላይ ዳኛ አድርጋ አስቀመጠች፣ ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነ፣ በእሷ ድምፅ ነፃ ወጣ። እኔን ያስደነቀኝ ግን ከፍርዱ በኋላ ያለው ነው። አቴና ፍርድ ተሰጥቷል ሂዱ አላለቻቸውም። ተቆጥተው ከተማዋን ሊያጠፉ ሲነሱ ቁጭ ብላ ለመነቻቸው፣ ቦታ ሰጠቻቸው፣ ክብር ሰጠቻቸው፣ እስኪበርዱ ድረስ። ወላሂ እንደ ደንበኛ ደም አድራቂ ነው የሠራችው! ፍርድ ቤት የፈረደበት ሰው ወገን ካልታረቀ ነገሩ እንደማያልቅ ወሎ ውስጥ ለማን ይነገራል።

ኤሌክትራ ግን እዚያ ፍርድ ላይ የለችም። ኤስኪለስ ሁለተኛው ድራማ መሐል ላይ ትቷታል፣ ሶፎክለስም ግድያው እንዳለቀ ይዘጋል። ለወንድሟ ሸንጎ ተቀመጠ፣ ለእሷ ማንም አልተቀመጠም።

ጦሳ ሥር፦
ማሻአላህ፣ ክርክራችንን ሌላ ቦታ ወሰዳችሁት። የሸንጎውን ክፍል ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ። ግን ከግድያው በኋላ እሷን ያሳየ የለም ማለት ነው?

የወልድያው፦
ሦስተኛው የግሪክ ጸሐፊ ዩሪፒዲስ አለ። እሱ ጋ ኤሌክትራ ለድሃ ገበሬ ተድራለች፣ ሰውየው አክብሯት አልነካትም። ወልጃለሁ ብላ እናቷን በማታለል ታስጠራታለች፣ ሰይፉንም ከወንድሟ ጋር ትይዛለች። ሲያልቅ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ትላለች። ከዚያ ለወንድሟ ጓደኛ ለጲላዴስ ተድራ ከአገሯ ከአርጎስ ትወጣለች። መጀመሪያ ኤስኪለስን፣ ቀጥሎ ሶፎክለስን፣ መጨረሻ ይሄን አንብቡ፣ ቅደም ተከተሉን አታበላሹት።